ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት 3፡00

ሦስት ቁጥር ክፍልም ያው ነው። ሴራሚኩ ኖራ የተቀባ ይመስላል። የሻወሩ ራስ ግማሽ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ አንዱ ውሃውን በቀጥታ በሩ ላይ ይረጫል። በፈሳሽ ሳሙና ፈተግሁ። ክንዴ ዛለ። ምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። ትናንት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ለሠልጣኞች ማደሪያ የሚፈልግ ሰውዬ መጣ። የአክስቴን አልጋ ቤት ወደደው፣ አምስት ክፍል ለአንድ ወር። ሻወሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ዓርብ ተመልሶ ያያል። አክስቴ ጥፋቱን ፋጡማ ላይ ደፈደፈችው፤ እስከ ዓርብ ካልጸዳ ሌላ ሴት ታመጣለች። ፋጡማ እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ እዚህ ታጸዳለች። ሦስት ልጆቿን በዚህ ደሞዝ ነው ያሳደገችው።

ቆሻሻ አይደለም አልኳት አክስቴን። የድሬ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ የሚተክለው ያው ውሃ። ለኔ ተይልኝ። በኬሚስትሪ ከተመረቅሁ አሥር ወር ሆነኝ፤ እስካሁን የሠራሁበት ቀን የለም።

ማክሰኞ፣ 5፣ ከቀኑ 8፡00

ሙቀቱ አይቻልም። ከተማው ምሳውን በልቶ ጥላ ይዟል። እኔ ሻወር ቤት።

ስልኬ ላይ ያየሁትን አደረግሁ፦ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ። አረፋው እንዴት ያምራል! ፈላ፣ ወረደ፣ አለቀ። ነጩ ነገር እንዳለ። አሲድና ቤዝ እርስ በርስ ተዋውጠው ጨዋማ ውሃ ብቻ ተረፈኝ። ይህን ዘጠነኛ ክፍል ተምሬዋለሁ! ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። "አቦ፣ ዲግሪሽ አረፋ ብቻ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሳቅን። እሷ የምር ሳቀች፤ እኔ ትንሽ ከፋኝ።

ረቡዕ፣ 6፣ ማታ 12፡30

ተሳካ።

ለየኋቸው። አቼቶውን ብቻ በጫት ፌስታል ሞላሁና የሻወሩን ራስ ውስጡ ነክሬ በፀጉር ላስቲክ አሰርኩት። ግድግዳው ላይ በአቼቶ የራሰ ሶፍት ለጠፍኩ፣ አንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ በደንብ አጠብኩት። ሶዳውን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ የሴራሚኩን መጋጠሚያ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ለመፈተግ። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። አክስቴ እጇን ከሥሩ ዘርግታ ቆየች። የተማረ ሰው እንዲህ ነው አለች።

ፋጡማ ምን አድርገሽበት ነው ብላ ጠየቀች። መድኃኒት ነው አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ለምን? አውቀዋለሁ ለምን። አሥር ወር ሙሉ የኔ የሆነ ነገር አልነበረኝም። የተረፈውን አቼቶ በባዶ የውሃ ጠርሙስ አድርጌ፣ ለነገ የቀረኝ አራት ቁጥር መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። ምንም አልጻፍኩበትም።

ሐሙስ፣ 7፣ ከሰዓት

ጠዋት ትንሽ ተኛሁ። ፋጡማ ትረፍ ብላ አራት ቁጥርን ልትጨርስልኝ ገባች። እንደ ልማዷ በረኪና ረጨች። በላዩ የኔን "መድኃኒት" ጨመረች። አክስቴ ሽታ ወደ እንግዶች እንዳይወጣ ስለምትል በሩን ዘግታ። ሳሏ ነው የቀሰቀሰኝ። ስከፍተው ሽታው ዓይኔን ወጋኝ። ጎትቼ ግቢ አወጣኋት፣ ፊቷን አጠብኩ፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ። ደህና ናት አሉ፤ ሁለት ቀን ትረፍ።

በረኪና ከአቼቶ ጋር መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ከዚህ ግቢ ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።

አክስቴ ጮኸች፦ ያገኘችውን ሁሉ እየቀላቀለች ልትሞትብኝ ነበር፣ በቃኝ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አዲሷ ትመጣለች። ፋጡማ አንገቷን ደፍታ፣ ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም።

ዓርብ፣ 8፣ ማታ

ሰውዬው መጣ። እጁን ከሻወሩ ሥር አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። አምስቱንም ያዘ። አክስቴ፣ የልጄ ሥራ ነው፣ ኬሚስት ናት አለችው። እሱም አንድ ፋብሪካ ለላቦራቶሪ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ፣ ሰኞ ማስረጃዬን ይዤ እንድመጣ። ይህን ቀን ስንቴ አልሜዋለሁ። ደስ አላለኝም።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ድምፅዋ ሻክሯል። ስለ ሥራው አንድም አልተናገረች። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበር ብቻ ጠየቀችኝ። አቼቶ አልኳት።

"ሰላጣ ላይ የምናደርገው?" እስክታስል ሳቀች። "በእሱ ነው የኮራሽብኝ?" ከዚያ ሳቋን አቆመች። "ልጅት፣ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ይቀንስብሽ ነበር?"

የቀረችውን ሻይ አስጠጥታ ሸኘችኝ።

ቅዳሜ፣ 9፣ ጠዋት 1፡20

ጠርሙሱን አጥቤ "አቼቶ፣ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም" ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ፋጡማ ማንበብ እንደማትችል ትዝ አለኝ። በአንገቱ ቀይ ክር አሰርኩ። በረኪናውን ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ወሰድኩ። ስትመጣ ምን ማለት እንደሆነ በቃሌ እነግራታለሁ።

ከመጣች።

አዲሷ ሁለት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። አክስቴ ካወቀች "ኬሚስት ናት" የምትለው ነገር ያከትማል። ያክትም። ሰውዬውም ቢሰማ ይስማ። ጠርሙሱ የኔ ነው፣ ዝምታውም የኔ ነው፣ ፋጡማ የሠራችው ጥፋት የለም፦ እነዚህን ሦስቱን ነው የምላት፣ ምንም ሳላሳምር።

የአክስቴ ነጠላ ጫማ ከደረጃው ተሰማኝ። እየመጣች ነው። ጠርሙሱን ይዤ ልቀበላት ተነሳሁ።