ለመንገዱ የፈረሱ ጎጆዎች

ለወንድሜ ለያምባ፤

ሳቅ ከአፍህ፣ ጉልበት ከክንድህ አይለይ። አንድ ከባድ ጉዳይ በክብር አሳውቅሃለሁ፦ ፍየላችን ከትናንት ጀምሮ ከእኔና ከባለቤቴ ከፖሴ ጋር ታድራለች። ፖሴም «ካንተ ትሻላለች፤ እሷ አታንኮራፋም» ብላለች።

ምክንያቱ እነሆ። እንግሊዞቹ አንተ ልትሠራ ለሄድክበት የወታደር መንገድ ማሠሪያ በየጎጆው አምስት ሽልንግ ግብር ጣሉብን። የምንቆፍር እኛ፣ የምንከፍል እኛ፤ ሲያልቅ የሚሄድበት ግን ያልከፈልነውን ሊያስከፍል የሚመጣው ወታደር ነው። በእኛ በቴምኔዎች አገር ብልሃት መቼ ጠፍቶ? ግብሩ በጎጆ እንጂ በሰው አይደለምና፣ ከእናታችን ቤት በቀር በግቢያችን ያሉትን አምስቱን ጎጆዎች አፍርሰን ሁላችንም እናታችን ቤት ገባን።

አብረውህ የሄዱት የጎረቤታችን የካፕሪ ልጆች ተመልሰዋል። ስላንተ ብጠይቃቸው ስለ ዝናቡ አወሩልኝ። የቀደሙት ደብዳቤዎቼ መልስ ያጡት መንገዱ ስላላለቀ ነው ብለን በአንድ ድምፅ ወስነናል። እናታችን ዛሬም የሩዝ ድርሻህን ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ፍየሏ ትበላዋለች። ፍየሏ በጣም ወፍራለች።

ፖሴ፣ ልጆቹና ወፍራሟ እጅ ይነሱሃል።

ወንድምህ ሞርላይ

ማረሚያ፦ ከላይ «አምስቱን ጎጆዎች አፍርሰን» የተባለው «አራቱን» ተብሎ ይነበብ። ያንተን ላፈርስ መጥረቢያ ይዤ ብሄድ እናታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ተነሺ እንጂ፤ ባዶ ቤት እኮ ነው» አልኳት።

«ሲመጣ የት ሊያድር ነው? ከፍየሏ ጋር?» አለችኝ።

የጎጆህ ግብር በሙሉ ተከፍሏል።