ዝም ያሰኘሁት በር

ለእህቴ፣

በድለሽኛል። ልጄን ከእኔ ደብቀሽ፣ ሥራ አግኝታ ሩቅ አገር ሄደች ብለሽ ዓይኔን እያየሽ ዋሽተሽኛል። እሷንም፣ አባትሽ ሆድሽን ካየ ደጁን አያስረግጥሽም ብለሻታል። መጀመሪያ ይህን ልበል፤ ሰላምታው ቢዘገይ ነውር የለውም።

እንግዲህ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ መውጣቱን ተዪ ብዬሽ ነበር፤ መቼም አትሰሚኝም። እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ መጋዝ መያዝ አላቃተኝም።

የነገረኝ ዱቄት የሚያመላልሰው ጎረቤታችን ሹፌሩ ነው። መነኮሳቱ እናቶችንና ሕፃናትን በሚያሳድሩበት ግቢ ጆንያ ሲያወርድ ልጄን ሕፃን ታቅፋ አያት። በማግስቱ ሄድኩ። የቤቱ ደንብ ግን ሌላ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ልየው ካላለች፣ እዚህ አለች ተብሎ ለማንም አይነገርም። ኃላፊዋ፣ ሁሉም እማሆይ የሚሏቸው አሮጊት፣ በር ላይ ቆመው እንዲህ ያለች ሰው አናውቅም አሉኝ። መነኩሲት ትዋሻለች ወይ አልኳቸው። ለአንተ ነው አናውቅም ያልኩህ አሉኝ።

አልሄድም ብዬ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። እሳቸውም የእኔ ቢጤ እልኸኛ ናቸው፤ መቀመጥህ ካልቀረ ሥራ ይዘህ ተቀመጥ ብለው እግሩ የወለቀ የሕፃን አልጋ አስወጡልኝ። ያን ስጨርስ ሌላ መጣ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ዕቃዬን ይዤ መሄድ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ግቢ አስገብተው ያሠሩኝ ጀመር። ልጄ ልየው አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቤቱን ላጫውትሽ። ጠዋት ጸሎት አለ። ሕፃናቱ አሜን እስኪባል አይታገሡም፤ መሀል ላይ ይጮኻሉ፣ እማሆይም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀጥላሉ። ከዚያ ግማሾቹ እናቶች ወጥ ቤት፣ ግማሾቹ እጥበት ይገባሉ፤ አንዷ ተረኛ የሁሉንም ልጆች ትጠብቃለች። አንዲት ወጣት እናት፣ አባባ፣ የእኔን አልጋ ጠበቅ ያድርጉልኝ፣ ልጄ በአባቱ ወጥቷል፣ እግሩ አያርፍም አለችኝ። ሌላዋ ተቀብላ፣ አባቱማ እግሩ አላርፍ ብሎት አይደል የጠፋው አለቻት። ራሷ የልጁ እናት ከሁሉ በላይ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ምስማር አፌ ውስጥ ነበር።

የልጆቹ ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር ይጮኻል፣ ጥርስ ያማል። ማንንም ሳልጠይቅ ማጠፊያውን ፈትቼ አጸዳሁና ዘይት ቀባሁት። ድምፁ ጠፋ። በሥራዬ ኮራሁ።

ለካ በሩን ያልጠገኑት ዐውቀው ነው። ተረኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ ልጅ የምታጥበውና የምትመግበው ጩኸቱን ተማምና ነው፤ ልጅ ከወጣ በሩ ይናገራል። ያን ቀን አልተናገረም። መሄድ የጀመረች አንዲት ሕፃን ወጥታ የእጥበቱ ገንዳ ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች። ደረሱላት፤ ምንም አልሆነችም። እናቶቹ ግን ተንጋግተው ወጡ። ከፊት ያለችው፣ ክንዷ አረፋ እንደለበሰ፣ በሩን ማነው ዝም ያሰኘው፣ እጁ ይሰበርና፣ እያለች ወደ እኔ መጣች። ልጄ ነበረች።

እኔ ነኝ አልኳት።

ቆመች። ያኔ ከሸሸች ዳግመኛ እንደማላያት ገባኝ። እሷ ግን ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበርና፣ አባዬ፣ ሳትጠይቅ የሰው በር ትነካለህ ወይ፣ በል እንደነበረ መልሰው አለችኝ። የሠራሁትን አፍርሼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። አፈረስኩት። ዘይቱን በአመድ ፈትጌ አነሣሁ፤ ልጄ በሩን ደግፋ ያዘችልኝ። ግን አልጮኽ አለ። ማጠፊያውን በመዶሻ አጣመምኩት፤ አሁንም ዝም። አንተ ጋ ሲሆን በርም ይፈራል አለችኝ። ሦስተኛ ስመታው ጮኸ፣ እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደ። ከዚያ ገብታ ልጇን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ጆሮው የእኔ ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን የእኔ ነው።

ቤት ትገቢያለሽ ወይ አልኳት። ታስገባኛለህ ወይ አለችኝ። የልጁን አልጋ ሠርቼ ቤት አስቀምጫለሁ አልኳት።

ይኸው ገብተዋል። ይህን ስጽፍልሽ እሷ ጓዳ ሆና ታዘኛለች፣ እሱ አጠገቤ ተኝቷል። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ ምግብ አለኝ።

ስንወጣ እማሆይ እስከ ደጅ ሸኙን። እህትህ ደኅና ናት ወይ አሉኝ። ልጄን ይዘሽ የሄድሽ ዕለት የተያያችሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ እኔ እዚህ ገና ጀማሪ መነኩሲት ሳለሁ እህትህ በመስኮቱ በኩል ነበር የምትተኛው፣ አሁንም ስታጥብ ታንጎራጉራለች ወይ አሉኝ። ታንጎራጉራለች አልኳቸው። ልጇን ታቅፋ የምትወጣ ስሸኝ ደስ ይለኛል፣ በዚያን ዘመን ባዶ እጃቸውን የወጡም ነበሩ አሉኝ። እኔ ሌላ አልጠየቅኩም። አባታችን ልብስ ስፌት ልትማር ሄደች ያለን ዓመት ትዝ አለኝ። ስትመለሺ ቁልፍ እንኳ መትከል አታውቂም ነበር።

ይህ ልጅ ሴት አያት የለውም። ነይና አያት ሁኚው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ቤትሽ የሰው ድምፅ አይለየው። ስለደበቅሽኝ ነገር መናገሬ ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ስለዚህኛውም ስለዚያኛውም። እስክሞት አላነሣውም፤ አንቺም አታንሺብኝ።

ወንድምሽ