የፋሲካው ቅቤ እና ቀለሃዎቹ

ቶሚ፣

ትናንት ጠዋት ፍሪጁ ውስጥ ሁለት የእርጎ ዕቃዎች ነበሩ። አንዱ እናቴ ለፋሲካ ዶሮ የላከችው ቅቤ ነው። ሌላው ያገለገሉ የጥይት ቀለሃዎች እንደገና ሊሞሉ ሲጠብቡ ማሽኑ ውስጥ እንዳይቀረቀሩ ለወራት አወዳድሬ የመረጥኩት ቅባት።

ልታግዘኝ ብለህ በማሽኑ ያጠበብካቸውን ሃያ ቀለሃዎች የቀባኸው በቅቤው ነው።

"ጾም ስለሆነ ቀምሼ ማረጋገጥ አልቻልኩም" ማለትህን ተቀብያለሁ። ማሽተት ግን አያስገድፍም።

ስም አልለጠፍኩባቸውም፣ እሺ።

ቀለሃዎቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠባቸው፤ ሳይደርቁ ባሩድ አይገባባቸውም። ባሩድ በነካ ጣት የተዛቀ ቅቤም ወጥ ውስጥ አይገባም። ለእናቴ የምታስረዳው አንተ ነህ።

ፋርመርስ ብራንች ከተማ ሥራ ላይ ነኝ፤ ኮል አታድርግ።

ሩሐማ

ማስታወሻ፦ ከመውጣቴ በፊት ሃያውንም ለካሁ፣ ልካቸው ትክክል ነው። ባለፈው ጊዜ በእኔ ቅባት ከሃያ ሦስቱ ተቀርቅረውብኝ ነበር። በቅቤው አንድም አልተቀረቀረም።