ጓንጉልን እስከ ቃሬዛው

የአምደወርቅ ቡድን በእሑዱ ጎል ላይ ያቀረበውን አቤቱታ የውድድሩ ኮሚቴ ሊመረምር ዛሬ ጠዋት ተቀብሏል።

ይድረስ ሐዋሳ ላለኸው ለወንድሜ ለጋሼ ዘበነ። ጤናህ እንዴት ነው? ኳስ ያስተወህ ያ ጉልበትህስ ዘንድሮ ተሻለው? ባለቤትህ ባንቺስ፣ ትንሿ ታይቱስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችንም ብርዱ ትንሽ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ናት፤ ገብሱም ገብቷል። ጠዋት ስደውልልህ መስመሩ የተቋረጠው፣ “ጎሉ የገባው እኔ ቀብር ስሸኝ ነው” ካልሁህ በኋላ ስለሆነ ምን እንደገመትህ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፍልህ።

እሑድ የዞኑን ዋንጫ ፍጻሜ ከአምደወርቅ ጋር ተጫወትን። ያሸነፈው ዞናችንን ወክሎ ወደ ክልሉ ውድድር ይሄዳል፤ እኔና አብሮኝ የሚከላከለው ኤርምያስ ይህን ስንጠብቅ ስንት ዓመታችን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አምደወርቆች ጓንጉል የሚባል አማካይ አላቸው። ሰው እያታለለ በኳስ አብዶ ሲሠራ የእኛ ደጋፊ እንኳ ሳያስበው ያጨበጭብለታል። አሰልጣኝ ትእዛዙ ልብስ ስንቀይር ትከሻዬን ይዞ፣ “አሳምነው፣ ዛሬ ኳስ አልሰጥህም፤ የምሰጥህ ሰው ነው። ውኃ ሊጠጣ ቢሄድ አብረኸው ጠጣ” አለኝ።

ሰው በሰው መያዝን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። እንዳልኸኝ ዓይኔን ከእግሩ አንስቼ ወገቡ ላይ አደረግሁ፤ እግር ያታልላል፣ ወገብ ግን መሄጃውን አይደብቅም። ኳስ ሳይደርሰው አጠገቡ እገኛለሁ፤ ከደረሰው ደግሞ ሳልቸኩል ወደ ግራ እግሩና ወደ መስመሩ እገፋዋለሁ። አንድ ጊዜ እስከ ራሱ በረኛ ድረስ ሳበኝና በለቀቅሁት ቦታ ጓደኛው ሮጦ ገባ፤ ኤርምያስ ባይደርስልኝ ጎል ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ስወጣ ቦታዬን እሱ እንዲሸፍን ተነጋገርን። ጓንጉል እስከ እረፍት ድረስ ወደ ጎል አንድም ኳስ አልመታም። ቢቸግረው፣ “አንተ ሰውዬ፣ ቤት የለህም?” አለኝ። “ዛሬ የማድረው አንተ ጋ ነው” ስለው ሳቀ። ከመስመሩ ዳር አንዲት ሴት፣ “ሚዜው ነህ እንዴ? ልቀቀው እንጂ!” ትለኛለች። አንዱ በአገውኛችን በኽምጣና የተናገረውን ግን ደብዳቤውን ባንቺ ስለምታነበው ትቼዋለሁ።

ከእረፍት በኋላ በሜዳው ዳር በሚያልፈው መንገድ ቀብር መጣ። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ፤ ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሽማግሌ ደክሟቸው ሲንገዳገዱ ጓንጉል አያቸውና ወጥቶ ቃሬዛውን ተቀበላቸው። እኔም ተከትዬው ወጣሁና ከኋላ ያለውን ሰው ተቀበልሁ። የጓንጉል የማልያ ቁጥር ፊት ለፊቴ እየታየኝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ድረስ ተሸከምን። ሟቿ ማን እንደነበሩ ሁለታችንም አናውቅም። ሌሎች ተቀብለውን ስንመለስ ከሜዳው ጩኸት ሰማን። ዳኛው መጉደላችንን ልብ ሳይል ጨዋታውን አስጀምሮ፣ የእኛ ልጆች አግብተዋል። በዚያው አንድ ለዜሮ አለቀ።

ደጋፊው፣ “ከሬሳ ሥር እንኳ አልለቀቀውም!” እያለ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ጓንጉል ግን እስክወርድ ጠብቆ ጨበጠኝና፣ “እኔ የወጣሁት ለሟቿ ነው፤ አንተስ?” አለኝ።

ዛሬ ኮሚቴው የጠየቀኝም ይህንኑ ነው። አሰልጣኝ ትእዛዙ አስቀድሞ፣ “ከእነሱም አንድ ጎደለ፣ ከእኛም አንድ ጎደለ፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምር” ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እንደሆነው ተናገርሁ። ከሜዳ የወጣሁት ጓንጉልን ለመያዝ ነው፤ ቃሬዛው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ግን ጨዋታው ከሐሳቤ ጠፋ፤ እሱም የወጣው ሰው ሊያሳርፍ ነው፤ እኛ አስከሬን ተሸክመን ሳለ የገባውን ጎል እኔ አልቆጥረውም አልሁ። ከወጣን በኋላ ከትእዛዙ ጋር አብረን ሄድን። ልንለያይ ስንል፣ “ጎላችንን አንተው አወጣኸው። ቢደገም ትይዘዋለህ?” አለኝ። “ሜዳ ውስጥ እስካለ ድረስ እይዘዋለሁ” አልሁት።

ይህን ያልሁት ለመፎከር አይደለም፤ አንተም አትስጋ። እሱ የእኔን አያያዝ እንዳጠና ሁሉ እኔም የእሱን አረማመድ አጥንቻለሁ፤ ሲደክመው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይወጣል። ኤርምያስም ከኋላዬ አለ።

ባንቺን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለእናታችን ልክ ሆኗል። ታይቱን ሳምልኝ። እናታችን ወለተ ሐና ሁላችሁንም በየስማችሁ እየጠራች ትመርቃችኋለች። እህታችን መስከረም፣ “ጋሼ ለትንሣኤ ይምጣ” ብላለች።

ደብዳቤው እጅህ እስኪገባ ነገሩ ይለይለት ይሆናል። ኮሚቴው ውሳኔውን አርብ ከሰዓት በኋላ ያሳውቃል፤ ጎሉ ከተሰረዘ ጨዋታው እሑድ እዚሁ ይደገማል።

ወንድምህ አሳምነው
ሰቆጣ፣ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.