ከአጥሩ ሃያ እርምጃ

ጥር ፲፪ ቀን

ለበኩር ልጄ፣ ለአንጀቴ፤

እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ? ሚጢጢ ጥርስ አወጣች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ያልኩትን እንዳለ እንድታሰፍር አስምያታለሁ። «ስድቡንም ጋሼ?» አለችኝ። ስድቡንማ በተለይ!

«መንግሥት የፋብሪካውን መሬት እያጸዳው ነው አሉ። ሲያልቅ መጥቼ ግቢያችን ውስጥ ቤት ልሥራ፤ ልጄም አያቷ እጅ ላይ ትደግ» ብለኸኝ ነበር። መልሱን ስማ።

መጡ፤ እውነት ነው። ነጭ ቱታ፣ እስከ ጉልበት ቦት ጫማ፣ አፍንጫቸው ላይ ጭንብል። የተዘጋውን የቆዳ ፋብሪካ በቢጫ ገመድ ከበቡት። አለቃቸው አንድ ፍሬ ልጅ፣ ኢንጂነር ናት፤ ካርታ ዘርግታ «የመርዙ በርሜሎች ከአጥሩ ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ተቀብረዋል» አለች። ከአጥሩ ሃያ ቆጥረው አሥራ ሁለት ቀን ቆፈሩ። ትል የሚርመሰመስበትን ንጹሕ አፈር እንደ ሬሳ በላስቲክ እየጠቀለሉ በመኪና አጋዙት። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ አያለሁ። መርዝ ባለበት ትል ይኖራል? እትፍ! ይሄን የማያውቅ ነው አገር የሚያጸዳው!

አጥሩ እኮ ያ አጥር አይደለም። ፋብሪካው ለእኛ ለሠራተኞቹ መሬት ሲያካፍል አጥሩን ወደ ውስጥ ሃምሳ እርምጃ ገፋው። አንተ ገና አልተወለድክም ነበር። ካርታው ግን የድሮው ነው።

ትናንት ልጅቷ ወረቀትና ቀለም ይዛ መጣች። «አባባ፣ ቦታው መጽዳቱን እንደ ጎረቤት ይመስክሩልን፤ እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን ያኑሩ።» ቀለሙ ሰማያዊ ነበር። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«ይሄ አጥር ያ አጥር ነው ያለሽ ማነው?»

«ካርታው ነዋ አባባ።»

«ካርታሽን ጡረታ አውጪው!» ብዬ በከዘራዬ እየመራሁ ወደ እኛ ግቢ አስገባኋት። የእናትህ ቲማቲም መደብ ላይ፣ ከውሃ ጉድጓዳችን አጠገብ፣ «እዚህ ቆፍሪ» አልኳት።

ብዙም አልቆፈሩ። የዛገ በርሜል ተቀደደና ሰማያዊ ዝቃጭ ፈለቀ፤ የበሰበሰ ቆዳና የገማ እንቁላል የተቀላቀለ ግማት! አንዱ ሠራተኛ ጭንብሉ ውስጥ አስመለሰ። ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሎ «እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

«እንዴት አላውቅ? በገዛ እጄ ነዋ የቀበርኩት።»

ፋብሪካው ውስጥ ስሠራ አለቆቹ «ጨው ነው፣ ቅበረው» አሉኝ፤ ቀበርኩት። ጥፍሬ ሥር የገባው ሰማያዊ ወር ሙሉ አለቀቀኝም፤ ጨው እንዳልሆነ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። መሬቱ ለእኔ ሲደርሰኝ ደግሞ ደስታዬ አሰከረኝ፤ እዚያው ላይ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። የማይነጋ መስሏት ከቋት አራች። ልብስ ሰፊዋ «ይሄን አልጽፍም» አለች። ጻፊ አልኳት። ስለ እኔ የተተረተ ነው።

እናትህ «ውሃው ብረት ብረት ይለኛል» ስትል «ምላስሽ ነው» አልኳት። ኋላ ስትታመም ሐኪሙ «ምን ውሃ ነው የምትጠጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የጉድጓድ» አልኩና ዝም አልኩ። እሷንም ቀበርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳልኩ ነው።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንሺ አልኳት።

ልጄ፣ ሚጢጢን እዚህ እንዳታመጣት። ኢንጂነሯ ግቢው ሙሉ ይቆፈራል፣ ቤቱም ይፈርሳል ትላለች። ይፍረስ። መጥተህ ብታየኝ እወዳለሁ፤ ስትመጣ ግን የምትጠጣውን ውሃ ይዘህ ና። ሳትጽፍልኝ ብትቀርም ይገባኛል።

የምትጠጡት ጥሩ ይሁን። ልጅህ ከእኔ ዕድሜዬን ብቻ ትውረስ።

የእነሱን ወረቀት አልፈረምኩም። ጣቴን እዚህ ደብዳቤ ላይ አኑሬያለሁ።

አባትህ