ጃንጥላውና ማኪናው

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ጥፋተኛዋ ጎረቤቴ ዘምዘም ናት። ይኸን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ኋላ ማንም እንዳያምታታው።

ቴሌቪዥኑ የሷ ነው። የኮሪያውን ፊልም በሲዲ እየተከራየች የምታመጣው እሷ ናት። ነይ እይ ብላ ከጎኗ ያስቀመጠችኝም እሷ። እኔ ወገቤን እያሸሁ ዐርፌ የምኖር ሴት ነበርኩ። ከስር የሚጻፈውን አማርኛ የማነበው ግን እኔ ነኝ። ዘምዘም ቁርአን ትቀራለች፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠረችም። እኔ በስተርጅና በማታ ትምህርት ቤት ቆጠርኩ። እንዲህ እያልን፣ ሥዕሉ የሷ ቃሉ የኔ ሆኖ ስንቱን ፊልም ጨረስነው።

የኮሪያ ስም አፋችን አልይዝ ስላለ እኛው ስም አወጣንላቸው። ልጅቱ ምስኪኗ ናት። ሀብታሙና ጯሂው ማኪናው ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል ከች የሚለው ዝምተኛ ደግሞ ጃንጥላው።

ዛሬ ማኪናው ምስኪኗን ከቤቱ አባረራት። እኔ ረገምኩት፣ ዘምዘም ደገፈችው። ወንድ የሚጮኸው ሲወድ ነው አለች። ጃንጥላው ዝም ብሎ ይጠብቃታል፣ ሰው ማለት እሱ ነው አልኩ። ይኸኔ ተናገረችው።

«ዝምተኛ መውደድ ልማድሽ ነው። ያንቺውም ባል ዝም ብሎ እንደወጣ አይከል ገበያ ቀረ።»

በር ላይ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳየው ጫማው የኔ አይደለም፣ የምራቷ የከዲጃ ነው። አልመለስኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ከዘምዘም ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ዛሬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጋዋለች። ሆን ብላ ነው፤ ጆሮዋ ከኔ ይሻላል። ኮሪያዎቹ ያወራሉ፣ ሙዚቃው ያለቅሳል፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ማኪናው ጮኸ፤ ድምፁን ለይቼ አውቀዋለሁ። ብርጭቆ ተሰበረ። እናቱ መሆን አለባት። ያቺ ሴት ሰው ፊት ላይ ውሃ ካልደፋች ምሳ አይበላላትም። እዚህ ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል፤ እዚያ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ለስድብ ይውላል። ሀብት ማለት ይኸ ነው።

የሚያሳስበኝ፦ የመጨረሻዋ ሲዲ እዚያ ናት። ጃንጥላው ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ልሞት እችላለሁ። የከዲጃ ጫማም ይጠበኛል።

ደስ ያለኝ፦ ዘምዘም ማንበብ አትችልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

የቁስቋም በዓል ስለሆነ በጠዋት ወጣሁ። ዳገቱን በከዲጃ ጫማ ወጥቼ ተረከዜ ተላጠ። ይኸም በዘምዘም ላይ ይቆጠር።

ከቅዳሴ በኋላ ከሴቶቹ ጋር ግንቡ ሥር ተቀመጥን። ሆዴ አልችል አለኝ። አንዲት የማውቃት ልጅ ሁለት ወንዶች ይፈልጓታል፣ አንዱ ጨዋ ዝምተኛ፣ አንዱ ባለማኪና ጯሂ፣ ምን ትላላችሁ አልኩ። ኮሪያ መሆኗን አላነሳሁም። የማን ልጅ ናት አሉ። የሩቅ ናት አልኩ። ወላጆቿስ? ሞተዋል። ከንፈር ተመጠጠላት። ከዚያ አንዲት ከኔም የምታረጅ ሴት መቋሚያዋን ተደግፋ፣

«ሽማግሌ የላከው የቱ ነው?» አለች።

ማንኛቸውም አልላኩም አልኩ። ያን ሁሉ ሲዲ ሳነብ አስቤው አላውቅም። ማኪናው ቀለበቱን ኬክ ውስጥ ደበቀ እንጂ ሽማግሌ አልላከም። ጃንጥላውማ ቀለበትም የለው።

«እንግዲያስ ሁለቱም ይቅሩባት» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ጸበል ጠጥቼ፣ ቁልቁለቱን እያነከስኩ ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ከዲጃ የኔን ጫማ ይዛ የሷን ልትወስድ መጣች። ሸጋ ልጅ ናት፤ አማቷ ናት እንጂ። ስለ ፊልሙ አልጠየቅኋትም። እሷው አወራች፣ እኔ ደግሞ ጆሮ አለኝ።

ለካ ዘምዘም አንብቢልኝ ብላት ነበር። ልጅቱ የተማረች ናት፣ እንደ ዝናብ ታወርደዋለች። ዘምዘም ወዲያው አስቆመቻት አሉ። «ምነው ሬዲዮ ሆንሽብኝ! ብርቄ ስታነብ እኮ ሰዎቹ ጎንደሬ ናቸው» አለቻት። የመጨረሻዋን ሲዲ አልከፈተችም። በየቀኑ የምታስጮኸው የታዩትን ነው።

ይኸን እያሰብኩ ሽሮዬ አረረ።

አልሄድም። ባሌን ያነሳች እሷ ናት፤ መምጣትም ያለባት እሷ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ሽማግሌዎች መጡ። የጠራቻቸው ከዲጃ ናት። ከኛ ወገን አያ ፈንቴ፣ ከነሱ ወገን የዘምዘም አጎት ሐጂ ኑሩ። የሰፈሩን የድንበርና የውርስ ጠብ ሁሉ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ተቀመጡ። እኔና ዘምዘም እንደ ደንቡ ቆምን።

ምን አጣላችሁ አሉን። የባሌን ነገር እኔ ሞቼ ነው የምናገረው። ዘምዘምም አላነሳችውም። የቀረን ጠብ ማኪናው ብቻ ሆነ። ልጅቱን በዝናብ አባሯታል፣ ይቺ ደግሞ ትደግፈዋለች አልኩ። ሐጂ ኑሩ ሰውየው የየትኛው ቀበሌ ነው አለ። የኮሪያ ነው ስንለው ጢሙን ያዘ። ከዚያ ሁለታችሁም የምታውቁትን ትታችሁ በማታውቁት ነው የምትጣሉት አለ። አንገቴን ደፋሁ፤ የነካውን አላወቀም።

አያ ፈንቴ ግን ተስተካክሎ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሙ ኮሪያ ዘምቷል፤ በኮሪያ ነገር ከሱ በላይ ላሳር። አገሩን አውቀዋለሁ አለ። አያውቀውም፤ ያለው የወንድሙ ፎቶ ነው።

ከዚያ ዘምዘም ያላሰብኩትን አመጣች።

«አያ ፈንቴ፣ ብርቄ ቀስ ብላ ነው የምታነብ። ጃንጥላው ሲናገር ስለሚያዘግም ሙሉውን ታነብለታለች። ማኪናው ሲጣደፍ ግን ግማሹ ሳይነበብ ይጠፋል፣ በዐይኔ አያለሁ። ሰውየው ቃሉ ሳይሰማ ነው የተፈረደበት።»

ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸት አይደለም። ጽሑፉ ይሮጣል፣ ምን ላድርግ! ልጅ ሳለሁ አባቴ፣ ሴት ከጻፈች ለወንድ ደብዳቤ ትልካለች ብሎ ከለከለኝ። አሁን ተማርኩ፤ ደብዳቤ የምልክለት ወንድ ግን የለም።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሹከው ፈረዱ። ነገ ከሰዓት ሁላችን ዘምዘም ቤት እንሰበሰባለን። ከዲጃ ሪሞቱን ይዛ በየጽሑፉ ታቆማለች። እኔ ሳልቸኩል አነባለሁ። ማኪናው ቃሉን ይሰጣል።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ጫማዬን ከሌላው ለይቼ አወለቅሁ።

አያ ፈንቴ እቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ተቀምጦ ወንድሙ የተዋጋበትን ተራራ ይፈልጋል። የሚያየው ካፌ፣ ሊፍት፣ ደግሞ ካፌ ነው። ተራራው የታለ ይላል። ኋላ ከአንድ መስኮት በስተጀርባ ተራራ ታየ። አቁሚልኝ አላት። ከዲጃ አቆመች። ብዙ አየውና ቀጥዪ አለ። የሳቀ የለም።

ማኪናው ያባረረበት ቦታ ደረሰ። «ከቤቴ ውጪ!» እኔ ባለፈው እዚህ ላይ ነው የቀረሁት። አሁን ቆመልኝና ቀሪውን አነበብኩ። «እናቴ ሳትደርስ ውጪ። ዛሬም እፊቴ እንድታዋርድሽ አልፈልግም።»

ዘምዘም ሻሿን አስተካከለች። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ አስተካከሏ ግን ስድብ ነበር። ሐጂ ኑሩ ይኸ ሰው ግማሽ አፉን ተቀምቷል አለ።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ መልካም ነበር። አልበቃኝም። እንግዲያስ የጃንጥላውም ይሰማ፣ ዘምዘም ራሷ ያለቀሰችበት የዝናቡ ቦታ ይከፈት አልኩ። እዚያ ላይ «እስክታረጂም ቢሆን እጠብቅሻለሁ» ብሏታል። አንብቤዋለሁ።

ከዲጃ ከፈተችው። ዝናቡ መጣ፣ ጃንጥላው ጃንጥላውን ዘረጋ፣ ልጅቱን አያት። ከስር ባዶ ነው። መልሺው አልኩ። መለሰችው። አሁንም ባዶ። አፉንም አልከፈተ።

ያን ቃል ማን ተናገረው? በዚህ ቤት ያነብ የነበረ ከኔ ሌላ ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ አንብቢው እንጂ ብለው ይጠብቁኛል። ዘምዘም አየችኝ። ገብቷታል። እንባዋን ያፈሰሰችበት ቃል ከማን አፍ እንደወጣ ገብቷታል። በአንድ ቃል ልትረታኝ ትችል ነበር።

«ይኸን እኔ ሰምቸዋለሁ» አለች። «እለፉት።»

አለፉት። ከዚያ ታረቁ ተባልን፣ ተሳሳምን። ዘምዘም በጆሮዬ፣ ስለ አይከሉ ነገር አፌን በቆረጠው አለችኝ። ደግሜ ሳምኳት። አያ ፈንቴ እርቁ ካለቀ በኋላም አልተነሳም፤ ምናልባት ሌላ ተራራ ይመጣል ብሎ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤልን ተሳልሜ ከሰዓት ዘምዘም ቤት ገባሁ። ሁለታችን ብቻ ነን። የሪሞቱን ማቆሚያ ተምሬያለሁ፤ ሌላውን ቁልፍ አልነካም። የመጨረሻዋን ሲዲ ከፈትን።

ምስኪኗ ማኪናውን አገባች። ያለ ሽማግሌ። እናቱ በሠርጉ ላይ ውሃዋን ጠጣችው እንጂ አልደፋችውም፤ ይኸም ለሷ ንስሐ ነው።

ጃንጥላው ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ምስኪኗ ልትሸኘው መጣች። ተያዩ። እኔ የማየው ከስር ከስር ነው። ዘምዘም ደግሞ ቴሌቪዥኑን ትታ እኔን ታያለች።

«ምን አላት?» አለች ቀስ ብላ።

ብዙ ነገር ምላሴ ላይ መጣ። እመለሳለሁ። አትርሺኝ። ለጥምቀት እመጣለሁ። የመጨረሻዋን አወቅኋት። ባሌ ኑግ ሊገዛ ወደ አይከል ሲወጣ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎኛል እያልኩ ለስንቱ ሰው ተናግሬያታለሁ። ቀሐ ወንዝ ወርጄ ታቦት መሸኘቱን ትቼ የመንገደኛ ፊት ስመረምር የዋልኩበት ጥምቀት ብዙ ነው። ያን ቀን በሩ ላይ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ለጥምቀት ትመጣለህ አልኩት። እሱ ቦርሳውን አነሳ።

«ምንም አላላትም» አልኳት።

ዘምዘም ራሷን ነቀነቀች። ይሂድ፣ ጃንጥላ ከሱቅ ይገዛል አለች። ሳቄ መጣ። እንባም ነበረበት፣ እሷም አይታዋለች፣ ግን አለፈችው።

አዲስ ፊልም አስመጥታለች። በዚህኛው አንዲት ሴት የሚፈልጓት ወንዶች ሦስት ናቸው፤ ሽማግሌ የሚልክ ይኑርበት አይኑርበት ነገ እናያለን። የሚጣደፈውን እያቆምኩ እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። ከስር ባዶ ከሆነ ባዶ ነው። ከእንግዲህ ዝም ላለ ሰው ቃል አላውስም።