ከጣሪያችን በላይ የቀላው ተዳፋት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራዬ ያው የሳተላይት ምስል እያየሁ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋውን ቦታ መለየት ነው። አዲሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፍርዱን ብቻ አይነግረንም፤ ምኑን አይቶ እንደፈረደም በቀይ ያሳየናል። ባለፈው የደመና ጥላ አይቶ «ሐይቅ ነው» ቢለን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ትናንት ደግሞ የእኛ ሰፈር ምስል ደረሰኝ። አንተ የቀባኸውን ሰማያዊ ጣሪያ ሳይ ደስ አለኝ። ከጣሪያው በላይ ያለውን ተዳፋት ግን ከዳር እስከ ዳር አቅልቶታል።

አለቃዬ «ይሄም ጥላ ነው፣ እለፊው» አለኝ።

«ደመና በሌለበት፣ በቀትር በተነሳ ምስል ጥላ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ሳይጣራ ወሬ እንዳታወጪ!» ብሎኝ ሄደ።

የጓሮው በር አልገጥም ብሎ አናጢ ልትጠራ ነው አሉ። ተወው፣ አትጥራ፤ የተንቀሳቀሰው በሩ አይደለም። ይልቅ እማዬን እዚህ ሐኪም እንዲያያት አምጣልኝ። እዚያው ጎረቤት ያለችውን አክስታችንንም ከነልጆቿ ይዘሃት ና፤ ክፍሌ ብትጠብም ተጠጋግተን እንተኛለን። እማዬ «ዶሮዎቼን ለማን ልተው?» ብትልህ አትስማት። ይሄንንም አታንብብላት።

ስልክህ እምቢ ስላለኝ ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ለሁላችሁም ወንበር ይዟል፤ ሳትሳፈሩ አይነሳም። በእናንተ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ደህና ሁኑ ብዬ አልሰናበታችሁም፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

እህትህ